በቆቅና በጅግራ አንጀት ውስጥ ስለሚገኘው ትል

ቆቅ ወይም ጅግራ ሲበለት አንዳንድ ጊዜ ከአንጀቱ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ የሆነ ነጭ ትል ይወጣል። በየመንደሩ ስንዞር እናቶች «ይህ ኮሶ አይደለም ወይ? ልጆቻችንን አይዝብንም ወይ?» እያሉ ይጠይቁናል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ከዚህ ቀጥሎ እንመልሳለን።

1ኛ/ ትሉ ከየት ይመጣል?

ትሉ በዕንቁላል የተሞሉ ቁራጮች ከወፏ ኩስ ጋራ ይጥላል። ዕንቁላሉን ጥንዚዛ ወይም ጉንዳን ይበላዋል፤ በጥንዚዛውም ሆድ ውስጥ ያድጋል። ሌላ ወፍ ያንን ጥንዚዛ ስትለቅም ትሉ ይገባባታል።

2ኛ/ ከወቅት ወቅት ስለ ምን ይለያያል?

በበጋ መሬቱ ሲደርቅ ጥንዚዛውም ጉንዳኑም ያንሳል፤ ወፎቹም ይበልጡን ፍሬና ሥራ ሥር ይለቅማሉ። ዝናብ ሲጥል ግን ምድሩ በነፍሳት ይሞላል፤ ጫጩቶችም ለማደግ ነፍሳት አብዝተው ይበላሉ። ስለዚህ ትሉ አብዛኛውን ጊዜ በክረምትና ክረምቱ በሚወጣበት ወራት ይበዛል። በእርሻ ዳር የሚለቅሙ የቤት ዶሮዎችም ከእነዚህ ትሎች አንዳንዶቹን ይጋራሉ፤ ጫጩት ሲይዘው ይከሳል፣ ያስቀምጠዋል፣ ዕድገቱም ይቆማል።

3ኛ/ ሰውን ይይዛል ወይ?

ይህ ትል የሰው ኮሶ አይደለም። የእኛ ኮሶ ከጥሬ የከብት ሥጋ የሚመጣ ሌላ ትል ነው። ኮሶ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ ዕንቁላሉ በሣሩ ላይ ይቀራል፤ ከብቱ ከሣሩ ጋራ ይግጠዋል፤ ሥጋውንም በጥሬው የበላ ሰው ይያዛል። ሆኖም በወፍ አንጀት ውስጥ ተቅማጥ የሚያስይዙ ጀርሞች ስለሚገኙ ጥንቃቄ አይቅር።

4ኛ/ ምን እናድርግ?

ሀ/ ታሞ ወይም ሞቶ የተገኘ ወፍ አትብሉ፤ ልጆችም አይንኩት።

ለ/ ሆድ ዕቃውን ቅበሩት እንጂ ለዶሮና ለውሻ አትጣሉ።

ሐ/ እጃችሁን፣ ቢላዋውንና መክተፊያውን በሳሙና ወይም በአመድ እጠቡ።

መ/ የወፉንም የከብቱንም ሥጋ ቅላቱ እስኪጠፋ ድረስ አብስሉ።

ሠ/ በተለይ ከሰኔ እስከ ጥቅምት የዶሮውን ቤት ቶሎ ቶሎ ጥረጉ፤ ጫጩቶቹንም ከትልልቆቹ ለዩ።

ረ/ የመጸዳጃ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ቤተ ሰቡ ሁሉ ይጠቀምበት።

ሰ/ ኮሶ የያዘው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መድኃኒት ይዋጥ። ነፍሰ ጡር ሴት የኮሶ አበባ ፈጽሞ አትጠጣ፤ ሊያስወርዳት ይችላል።

እንግዲህ በወፉ አንጀት ትሉን ማየት አያስደንግጣችሁ፤ ወፍ በልተው እጅ ሳይታጠቡ ሕፃን ማጉረስ ግን ያስደንግጣችሁ።