ልጆችሽን ታይፕ ስታስተምሪ

ልጄ፣ በጽሕፈት መኪና ጀምሬ እስከ ኮምፒውተር ድረስ ታይፕ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጆችሽን ኪቦርድ ልታስለምጂ መነሳትሽን ስሰማ ደስ አለኝ። ይጠቅምሻል ያልኩትን ልንገርሽ።

1. የእጅ ጽሑፍ ይቅደም። ፊደሉን በእርሳስ አጥርቶ ያልጻፈ ልጅ ኪቦርድ ላይ ግራ ይጋባል። እጁም ይደግ፤ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላው ጣቶቹ ሳይለጠጡ ቁልፎቹ ላይ ይደርሳሉ።

2. አቀማመጡን አስተካክዪ። እግሩ ከተንጠለጠለ ከሥሩ ሣጥን አድርጊለት። ትከሻው ይላላ፤ ክርኑና ኪቦርዱ እኩል ይሁኑ።

3. የጣቶቹን ቦታ አሳውቂው። ኤፍ እና ጄ ቁልፎች ላይ ትንሽ ጉብታ አለች። ዓይኑን ጨፍኖ በሁለቱ አመልካች ጣቶቹ ይዳብሳት። እሷን ካገኘ ሌሎቹ ጣቶች በየጎኗ ይሰለፋሉ፤ አውራ ጣቶቹም ስፔስ ላይ ያርፋሉ። የትኛውንም ቁልፍ ቢነካ ተመልሶ እዚያው ይረፍ።

4. እጁን አያይ። ቁልቁል ማየት ካበዛ እጁ ላይ ነጠላ ጣል አድርጊበት። መጀመሪያ ያማርራል፤ ታገሺው። በሁለት ጣት መልቀም ከለመደ በኋላ ማስተው ከባድ ነው።

5. ፍጥነት አትጠይቂው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ሳይሳሳት ከጻፈ ፍጥነቱ ራሱ ይመጣል። ከታናሹም ሆነ ከታላቁ ጋር አታወዳድሪው።

6. በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ከማስቀመጥ በየቀኑ ጥቂት ማስለመድ ይሻላል። ሲሰለቸው አስነሺው።

7. ከሁሉም በላይ አማርኛውን አትተዪ። በድምፅ በሚሠራው የአማርኛ ኪቦርድ ኤልን (L) ሲነካ «ል» ይወጣል፤ ኢን (E) ሲያስከትል «ለ»፣ ዩን (U) ሲያስከትል «ሉ»፣ ኤን (A) ሲያስከትል «ላ» ይሆናል። «ሰላም» ማለት አምስት ቁልፍ ብቻ ነው። ሀሁ የቆጠረ ልጅ ይህን ቶሎ ይይዘዋል። ደግሞም ፊደላችን እዚህ የደረሰው በከንቱ አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ለመሥራት ደክመዋል። ከዚያ ኮምፒውተር ሲመጣ እያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱ ፎንት ስለነበረው በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ነው ያ ችግር መፍትሔ ያገኘው። ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ልጆቻችን አማርኛን በላቲን ፊደል ሲጽፉ ማየት ያሳዝነኛል።

እንግሊዝኛውን ትምህርት ቤት ያስተምራቸዋል፤ የአማርኛው ኃላፊነት ግን የአንቺ ነው። በራሱ ፊደል መጻፍ የማይችል ልጅ ታይፕ ቻለ አይባልም። ዛሬውኑ የአማርኛ ኪቦርድ ጫኚላቸውና በስማቸው ጀምሪ።