በኢንተርኔት ስልክ ለሚጠቀሙ አካል ጉዳተኞች የድንገተኛ ጥሪ ዝግጅት

የትምህርቱ ዓላማ

ይህ ትምህርት ለሐይቅ ከተማ፣ ለውጫሌና ለአምባሰል ወረዳ የገጠር ቀበሌዎች ነዋሪዎች የተዘጋጀ ነው። አንባቢው ትምህርቱን ሲጨርስ፦

- በኢንተርኔት የሚሠሩ የስልክ መተግበሪያዎች ከድንገተኛ ጥሪ መስመር ጋር የማያገናኙበትን ምክንያት ይረዳል፤
- መስማት፣ መናገር፣ ማየት ወይም መንቀሳቀስ ለተሳነው የቤተሰብ አባል ከሕመም በፊት የጥሪ ዝግጅት ያደርጋል፤
- በችግር ጊዜ የሚላከውን መልእክት በትክክል ማዘጋጀት ይችላል።

1. የችግሩ መነሻ

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ-19 በሽታ ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ያሳወቀው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው በቫይረሱ የተያዘ ሰው መገኘቱ ይፋ ሆነ። ኅብረተሰቡ መረጃ የሚጠይቅባቸውና ጥቆማ የሚሰጥባቸው 8335 እና 952 የተባሉት ነፃ የስልክ መስመሮች አገልግሎት ላይ ዋሉ፤ ለአማራ ክልልም 6981 ተመደበ። ትኩሳት፣ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር የታየበት ሰው ወደ ጤና ተቋም ከመሄዱ በፊት በስልክ እንዲያሳውቅ ተመከረ።

ምክሩ ተገቢ ነበር። ታማሚው በመንገድ፣ በተሽከርካሪና በመጠበቂያ ክፍል ሌሎችን እንዳያስይዝ ይከላከላል። ነገር ግን ምክሩን ለመፈጸም ሰው ድምፅ ሰምቶ በድምፅ መመለስ ይኖርበታል። መስማት ለተሳነው ሰው ቁጥሩን ማወቅ ብቻውን የሚፈይደው የለም። ደውሎ መስመሩ ቢነሣለት እንኳ የሚጠየቀውን አይሰማም፤ ባለሙያውም ዝምታውን የስሕተት ጥሪ ነው ብሎ ሊዘጋው ይችላል።

ዛሬ ብዙ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ከቤተሰብና ከወዳጅ ጋር የሚገናኙት በቴሌግራም፣ በአይሞ ወይም በዋትስአፕ ነው። በቪዲዮ ጥሪ በምልክት ቋንቋ ይነጋገራሉ፤ በጽሑፍም ይጻጻፋሉ። መተግበሪያዎቹ ለዕለት ተዕለት ግንኙነት ትልቅ በር ከፍተዋል። ችግሩ የሚመጣው ይኸው በር ለአምቡላንስም ይሠራል ተብሎ ሲታሰብ ነው።

2. የኢንተርኔት ጥሪ ድንገተኛ መስመር ላይ የማይደርሰው ለምንድን ነው?

በተራ የሞባይል ጥሪ 8335 ሲደወል ጥሪው በአቅራቢያ ባለው የኔትወርክ ማማ በኩል ወደ አገር ውስጥ የቴሌኮም ማዕከል ይገባል። ማዕከሉ አጭር ቁጥሩን ስለሚያውቀው ጥሪውን ወደ ተመደበለት ቢሮ ይመራዋል። መስመሩ ነፃ በመሆኑ ሒሳብ የሌለው ሰውም ሊደውል ይችላል።

የመተግበሪያ ጥሪ የሚሄድበት መንገድ ሌላ ነው። ድምፁና ምስሉ ወደ ዳታ ተለውጦ በኢንተርኔት ይጓዛል፤ የሚደርሰውም ያንኑ መተግበሪያ በስልኩ ላይ ለጫነ ሌላ ሰው ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ ሦስት ጉድለቶች ይታያሉ።

አንደኛ፣ በመተግበሪያው ውስጥ እንደ 8335 ያለ አጭር ቁጥር መደወል አይቻልም። ዋትስአፕም የድንገተኛ አገልግሎት ጥሪ እንደማያስተናግድ በአጠቃቀም ውሉ ላይ አስፍሯል።

ሁለተኛ፣ ዳታ ሲያልቅ ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥ መተግበሪያው ይቆማል። ሸለቆና ተራራ በሚበዛበት የአምባሰል ገጠር፣ በአንዱ ኮረብታ ላይ የሚገኘው ኔትወርክ ከኮረብታው ሥር ሊጠፋ እንደሚችል ነዋሪው ያውቀዋል።

ሦስተኛ፣ መልእክቱ የደረሰው ሰው ላኪው ያለበትን ቦታ በራሱ ሊያውቅ አይችልም። ቦታው ካልተነገረ አምቡላንስ ወዴት እንደሚላክ አይታወቅም።

ስለዚህ መሠረታዊው ነጥብ ይህ ነው፦ መተግበሪያው ታማሚውን ከሰው ጋር ያገናኘዋል፤ ከአምቡላንስ ጋር የሚያገናኘው ግን ያ ሰው ነው። የዝግጅቱ ሁሉ ትኩረት ይህን አገናኝ ሰው አስቀድሞ መምረጥና ማዘጋጀት ነው።

3. ውጭ አገር ያለ ዘመድ የመጀመሪያ ተጠሪ ሲሆን

በሐይቅና በአምባሰል በርካታ ቤተሰቦች በዐረብ አገሮች የሚኖሩ ልጆችና ዘመዶች አሏቸው። በአይሞ ዘወትር የሚገናኙትም ከእነርሱ ጋር ነው። ስለዚህ መስማት የተሳነው ሰው ሲታመም መልእክቱ አስቀድሞ ጅዳ ወይም ሪያድ ላለች እኅት ሊደርስ ይችላል።

ለምሳሌ በውጫሌ አቅራቢያ የሚኖር መስማት የተሳነው ወጣት ሌሊት ትንፋሽ ቢያጥረው፣ ለእኅቱ የቪዲዮ ጥሪ ያደርግላታል እንበል። እኅቱ ሁኔታውን ዐይታ 8335ን ብትሞክር ከውጭ አገር ሆና አታገኘውም፤ የአገር ውስጥ አጭር ቁጥሮች ከሌላ አገር አይሠሩምና። በእጇ የጎረቤት ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሙሉ ቁጥር ከሌለ፣ ወንድሟን በስክሪን እያየች ልትደርስለት አትችልም። ያ ቁጥር ካላት ግን ከየትም ሆና በደቂቃዎች ውስጥ ጎረቤት ልትቀሰቅስ ትችላለች።

ስለሆነም ውጭ አገር ያለ ዘመድ የሚከተሉትን በስልኩ ይመዝግብ፦

- በአገር መለያው 251 የሚጀምር የሁለት ጎረቤቶች ሙሉ የሞባይል ቁጥር፤
- የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሙሉ ቁጥር፤
- ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ተጠይቆ የተገኘ የአምቡላንስ ተጠሪ ሙሉ ቁጥር።

4. ከሕመም በፊት የሚደረግ ዝግጅት

*ለሁሉም ቤተሰብ*

ሁለት አገናኝ ሰዎች ይመረጡ። አንደኛው በእግር ሊደርስ የሚችል ጎረቤት ይሁን። ሌላው ስልኩን ሌሊትም የማይዘጋ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ሁለቱም ኀላፊነቱን አውቀውና ተስማምተው ሊቀበሉት ይገባል።

መልእክት ተላከ ማለት ተነበበ ማለት ስላልሆነ፣ አገናኙ መልእክቱን እንዳየ የሚመልሰው አንድ የታወቀ ቃል ወይም ምልክት ይኑር። በ5 ደቂቃ ውስጥ መልስ ካልመጣ ታማሚው ወደ ሁለተኛው አገናኝ ይሻገራል። ሁለቱም ካልመለሱ ጎረቤት በፊሽካ፣ በር በማንኳኳት ወይም በእጅ ባትሪ ብርሃን ይጠራል። ይህም ምልክት ለጎረቤት አስቀድሞ ሊነገር ይገባል።

በቅሬ የታቀፉ ቤተሰቦች ጉዳዩን በቅሬው ስብሰባ ላይ ቢያነሡት ይጠቅማል። ቅሬ በሐዘን ጊዜ ቤት ለቤት መልእክት የማድረስ ልምድ አለው፤ ያው ልምድ ሕይወት ለማዳን ሊውል ይችላል።

*መስማት ወይም መናገር ለተሳናቸው*

ከመተግበሪያው በተጨማሪ አጭር የጽሑፍ መልእክት መላክን ይለማመዱ። አጭር መልእክት ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ጊዜም ከድምፅ ጥሪ በተሻለ የመድረስ ዕድል አለው። ለዚህ የሚበቃ ጥቂት ሒሳብ ሁልጊዜ በስልኩ ላይ ይቀመጥ።

ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል ያላገኙና በቤት ውስጥ በተለመደ ምልክት ብቻ የሚግባቡ ሰዎች አሉ። ለእነርሱ ጽሑፍ አይበቃም። ትንፋሽ ማጠርን፣ ትኩሳትንና የደረት ሕመምን የሚያሳዩ ሥዕሎች በስልካቸው ይጫኑላቸው፤ የአገናኙም ፎቶግራፍ ከቁጥሩ ጋር ይቀመጥ።

*ማየት ለተሳናቸው*

በድምፅ መደወል ስለሚችሉ 8335፣ 952 እና የአገናኞቻቸውን ቁጥር በቃል ይያዙ። ባለ ቁልፍ ስልክ ከሆነ አንድ ቁልፍ ሲጫኑት አገናኙን እንዲጠራ ይስተካከል። ስማርት ስልክ ከሆነ በስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብበው አገልግሎት ይከፈት፤ አጠቃቀሙንም ይለማመዱ።

*መንቀሳቀስ ወይም እጃቸውን ማዘዝ ለተሳናቸው*

ስልኩ ሌሊትም ቢሆን ከመኝታቸው ሳይነሡ በሚደርሱበት ቦታ፣ ባትሪው ተሞልቶ ይቀመጥ። አምቡላንስ ሲጠራ ታማሚው በተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ወይም በሰው ሸክም የሚንቀሳቀስ መሆኑ አስቀድሞ ይነገር፤ ተሽከርካሪ ከማይደርስበት ቤት ለማውጣት ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ከወዲሁ ይታወቃልና።

5. የመልእክቱ ይዘት

መልእክቱ ጤነኛ በሚኾኑበት ጊዜ ተጽፎ በስልኩ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ረጅም ጽሑፍ ለመጻፍ አቅም አይኖረውም። የሚከተለውን አብነት መጠቀም ይቻላል፦

> «መስማት አልችልም፤ አትደውሉልኝ፣ በጽሑፍ መልሱልኝ። ትንፋሽ አጥሮኛል። አምቡላንስ ጥሩልኝ። ስሜ … ነው። ቀበሌዬ … ነው። ቤቴ ከ… በስተ… በኩል ነው። ቤት ውስጥ ያለሁት (ብቻዬን / ከ… ጋር) ነው።»

በገጠር ቀበሌ የቤት ቁጥር ብዙ ስለማይረዳ ቦታው በታወቀ ምልክት ይገለጽ፤ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ትምህርት ቤት፣ ወፍጮ ቤት ወይም ድልድይ ሊሆን ይችላል። ከደሴ ወደ ወልድያ ከሚወስደው ዋና መንገድ የሚገነጠልበትም ቦታ ይጠቀስ። ሐይቅም ውጫሌም በዚህ መንገድ ላይ ስለሚገኙ አምቡላንስ ለሚያሽከረክር ሰው መነሻ ይሆነዋል።

አገናኙ ወደ ድንገተኛ መስመር ሲደውል መልሶ መደወያ አድርጎ የራሱን ቁጥር ይስጥ። የታማሚውን ቁጥር ከሰጠ ባለሙያው መልሶ ሲደውል የሚሰማ አይኖርም፤ እርዳታውም በዚህ ሊዘገይ ይችላል።

ሳይዘገይ የሚጠራባቸው ምልክቶች፦ የመተንፈስ ችግር፣ የማይተው የደረት ሕመም ወይም ጫና፣ አዲስ የታየ የአእምሮ መደናገር፣ ከእንቅልፍ መንቃት ወይም ነቅቶ መቆየት አለመቻል፣ የከንፈር ወይም የጥፍር ሥር መገርጣት ወይም መጥቆር። መናገር የማይችል ሰው እነዚህን በቃል ስለማይገልጽ፣ አብሮት ያለ ሰው በዐይኑ ሊከታተላቸው ይገባል።

6. ከጤና ባለሙያዎችና ከቀበሌ የሚጠበቅ

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የእያንዳንዱን ቤት ሁኔታ በቤተሰብ ፎልደር ይመዘግባሉ። በዚህ መዝገብ ላይ የአካል ጉዳት ያለበት ሰው የሚግባባበት መንገድ (ጽሑፍ፣ የምልክት ቋንቋ፣ የቤት ውስጥ ምልክት) እና የአገናኞቹ ቁጥር ቢጨመር ትልቅ ጥቅም ይሰጣል።

ቅድመ ምዝገባ በሌሎች አገሮችም ተሠርቶበታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ደንብ ከመደበኛው የስልክ መረብ ጋር የተያያዙ የኢንተርኔት ስልክ አገልግሎቶች የ911 ጥሪን እንዲያስተናግዱና የደንበኛውን አድራሻ አስቀድመው እንዲይዙ አስገድዷል። በብሪታንያ ደግሞ ስልካቸውን ያስመዘገቡ ሰዎች ወደ 999 አጭር መልእክት መላክ ይችላሉ። በአሜሪካው አሠራር የጠሪው አድራሻ ከአደጋው በፊት ተይዞ ይጠብቃል። በቀበሌ ደረጃ የሚደረግ ምዝገባም ይህንኑ ጥቅም ሊሰጥ ይችላል።

ታማሚው ጤና ተቋም ወይም ለይቶ ማቆያ ከደረሰ በኋላ ስልኩና ቻርጀሩ ከእርሱ አይለዩ። ስልኩ ለእርሱ አንደበትና ጆሮ ነው። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ከንፈር በማየት የሚረዳውን ሰው መግባቢያ ስለሚያሳጣው፣ ባለሙያው መሸፈኛውን ሳያወልቅ በወረቀት ወይም በስልክ ጽፎ ያነጋግረው። አስተርጓሚ በአካል ማግኘት በማይቻልበት ቦታ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በቪዲዮ ጥሪ ሊያስተረጉም ይችላል፤ የኢንተርኔት ስልክ በእጅጉ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው።

ይህ አገልግሎት በበጎ ፈቃድ ብቻ የሚሰጥ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 የመገናኛና የድንገተኛ አገልግሎቶች ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆኑ፣ በአንቀጽ 11 ደግሞ በአደጋ ጊዜ ጥበቃ እንዲደረግላቸው ይደነግጋል።

7. ማጠቃለያ

- በመተግበሪያ ወደ 8335 ወይም 952 መደወል አይቻልም፤ በተራ ስልክ የሚደውል አገናኝ ሰው ያስፈልጋል።
- ሁለት አገናኞች፣ አንድ የተዘጋጀ መልእክትና አንድ የጎረቤት መጥሪያ ምልክት በእያንዳንዱ ቤት ይኑሩ።
- ውጭ አገር ያለ ዘመድ በ251 የሚጀምሩ ሙሉ ቁጥሮችን ይያዝ።
- አገናኙ ሲደውል የራሱን ቁጥር ይስጥ።
- ዝግጅቱ በወር አንድ ጊዜ ይሞከር። ለሙከራ መልእክቱ ወደ አገናኞች ብቻ ይላክ፤ ድንገተኛ መስመሮች ለሙከራ አይደወልባቸውም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ በድምፅ መደወል የማይችል ሰው አለ? ዛሬ ሌሊት ቢታመም መልእክቱ መጀመሪያ የሚደርሰው ለማን ነው?
2. ያ ሰው ተኝቶ ወይም ስልኩ ጠፍቶ ቢሆን ቀጥሎ የሚጠራው ማን ነው?
3. ቤታችሁን የማያውቅ የአምቡላንስ አሽከርካሪ በሌሊት እንዲደርስ መንገዱን በሁለት ዐረፍተ ነገር እንዴት ትገልጹለታላችሁ?