ቤት ለሚቀያይር ሰው የሚገጠም ዲሽ

ሆሳዕና ላይ ዲሽ የሚያስገጥመው ሰው ብዙውን ጊዜ ተከራይ ነው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የተቀጠረ መምህር፣ ከሌላ ከተማ ተዛውሮ የመጣ የባንክ ሠራተኛ፣ ነርስ፣ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ ወዲህ መሥሪያ ቤቱን ተከትሎ የገባ የመንግሥት ሠራተኛ፤ ሁሉም ዛሬ አንድ ሰርቪስ ክፍል ይከራይና ነገ ወይ ኪራይ ይጨመርበታል፣ ወይ ዝውውር ይደርሰዋል፤ ዕቃውን ይጭናል። ዱራሜ፣ ሾኔና ሺንሺቾም ያለው ነገር ይኸው ነው። መንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ኮንቴይነር ቤት የሚያድረው ኦፕሬተርማ ቤቱ ራሱ በሎቤድ ተጭኖ ይሄዳል።

እኛ ዲሽ ገጣሚዎች ግን ዕቃው ዕድሜ ልኩን እዚያው የሚኖር ይመስል ቆርቆሮ ላይ እንቸነክረዋለን። ሰውየው ሲለቅ ሚስማሩ ይነቀላል፣ ቀዳዳው ይቀራል። ክረምት ሲገባ ቤቱ ያፈስና አከራይና ተከራይ ይጣላሉ። በመስኮት የገባው ገመድ በፒንሳ ተቆርጦ ይወጣል፤ አዲሱ ቤት ሲደረስ በፕላስተር ይቀጠላል። ከዚያ በኋላ ሥዕሉ በተቆራረጠ ቁጥር የሚወቀሰው ሪሲቨሩ ነው። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ለተከራይ የሚገጠም ዲሽ ገና ሲተከል መነቀሉ ታስቦ መተከል አለበት።

አሜሪካ ውስጥ በመኪና የሚጎተት ቤት ይዘው የሚጓዙ ሰዎች ይህን ካወቁበት ቆይተዋል። ብዙዎቹ ዲሹን ከቤቱ አጠገብ መሬት ላይ በሦስት እግር ያቆሙታል፤ በቤቱ የውጭ ግድግዳ ላይ ደግሞ ገመዱ የሚሰካበት መሰኪያ አለ። ያረፉበት ካምፕ የኬብል ቴሌቪዥን መስመር ካለውም በውጭ ግድግዳ ላይ ባለ መሰኪያ ይሰካሉ። በእኛ ከተሞች በየመንገዱ የተዘረጋ የኬብል ቴሌቪዥን የለም፤ ሥራችን ዲሽ ነው። ሁለቱ ነገሮች ግን፣ ዲሹን ከቤቱ ማላቀቅና ገመዱን በመሰኪያ ማስገባት፣ ለእኛም ይበጃሉ።

ከመቆሚያው እንጀምር። ከጎሚስታ ወይም ከጋራዥ አሮጌ ቸርኬ ይገኛል። የዲሹ ማሰሪያ የሚጨብጠውን ውፍረት ያለው ቧንቧ መሃሉ ላይ አቁሙና ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር አቡክታችሁ ሙሉበት። ሲሚንቶው ከመጥናቱ በፊት ቧንቧውን በውሃ ልክ ከሁለት ጎን ለኩት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ቧንቧው ትንሽ ካዘመመ በዲሹ ማሰሪያ ላይ የተጻፈው ዲግሪ ሁሉ ውሸት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ሲግናል ፍለጋው የዕድል ጉዳይ ነው። ቸርኬ ካልተገኘ ብየዳ ቤት አራት እግር ያለው መቆሚያ አሠርታችሁ እግሮቹን በአሸዋ ከረጢት አስጭኑ። ነፋስ የሚበዛበት ከፍታ ላይ ላለ ቤት፣ ለምሳሌ አንጋጫና ዶዮገና አካባቢ፣ ክብደቱን ጨምሩ። ቦታው ልጆች የማይሯሯጡበት፣ ከብት የማያልፍበት ጥግ ይሁን።

ግቢው ጠቦ ግድግዳ ላይ መስቀል ግድ ሲሆን ግድግዳውን እወቁት። የጭቃ ቤት ከሆነ ፊሸር አይዝም፤ ምሰሶውን በመዶሻ አንኳኩታችሁ ፈልጉና እንጨቱ ላይ እሰሩ። ብሎኬት መሃሉ ባዶ ነው፤ ብሎኑ ኮለኑ ወይም ቢሙ ላይ ይግባ። ቆርቆሮ ላይ ከመውጣት ሌላ አማራጭ ከጠፋ ሚስማሩ በቆርቆሮው ጉብታ በኩል አልፎ ከሥሩ ያለውን እንጨት ይያዝ፣ ጎማም ይኑረው። ውሃ በሚወርድበት ስርጉድ ላይ የተመታ ሚስማር ማፍሰሱ አይቀርም። ለአከራዩ አስቀድማችሁ ንገሩ። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ልንመታ ነው» ማለት ምንም አያስከፍልም፤ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

ቀጥሎ አቅጣጫው ነው። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች አብዛኞቹ ድሮ የሚታዩት ወደ ምዕራብ በዞረ ዲሽ፣ ናይልሳት ባለበት በኩል ነበር። በ2012 ዓ.ም. ገደማ ግን በኢትዮሳት ስም ኤስኢኤስ የተባለው ኩባንያ ወደሚያስተዳድረው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት መጡ። ይህ ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ይቆማል። ከሆሳዕና ሲሰላ አቅጣጫው ከሰሜን ተነሥቶ በምሥራቅ በኩል 111 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ያለ ሲሆን፣ ከፍታው 66 ዲግሪ ገደማ ነው። ናይልሳት ያለበት 7 ዲግሪ ምዕራብ ግን ከእኛ ወደ 38 ዲግሪ ብቻ ከፍ ይላል። ሁለቱ ሰማይ ላይ በጣም የተራራቁ ስለሆኑ በአንድ ዲሽ ሁለት ኤልኤንቢ አስረን ሁለቱንም እንይዛለን ማለት ከንቱ ድካም ነው። ሁለቱንም የሚፈልግ ደንበኛ ሁለት ዲሽና አንድ ዳይሴክ ስዊች ያስፈልገዋል። ዲኤስቲቪ ደግሞ ሌላ ሳተላይትና የራሱ ዲኮደር ያለው ስለሆነ ከዚህ ጋር አትቀላቅሉት።

የከፍታው ልዩነት ጓሮ ላይ ትርጉም አለው። 10 ሜትር የደረሰ ባሕር ዛፍ ኢትዮሳትን የሚጋርደው ዲሹ ከዛፉ ከ4 ሜትር ተኩል ባነሰ ርቀት ላይ ከቆመ ነው፤ ያው ዛፍ በምዕራብ በኩል ናይልሳትን እስከ 13 ሜትር ድረስ ይጋርዳል። ባሕር ዛፍ በየዓመቱ እንደሚያድግ አትርሱ። ከቤት ኋላ ያለ እንሰትም ቅጠሉ ሲዘረጋ ቦታ ይይዛል። ዛሬ ለጥቂት ያለፈው ሲግናል በሚቀጥለው ዓመት ላይኖር ስለሚችል ቦታ ስትመርጡ የነገውን ዛፍ አስቡ።

ብዙ ልጆች የሚቸገሩበት ሌላው ነገር የኤልኤንቢው መዞር ነው። አውሮፓ የተቀረጹ የዩቲዩብ ቪዲዮዎች ኤልኤንቢውን ገመዱ ወደ ታች እንዲወርድ ቀጥ አድርገው፣ ወይም በጥቂቱ ብቻ አዙረው ያሳያሉ። እዚያ ልክ ነው። እኛ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ ሳተላይቱም ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው። ስለዚህ ከሆሳዕና ኤልኤንቢው 68 ዲግሪ ገደማ መዞር አለበት፤ አቅጣጫውም ከዲሹ ጀርባ ቆመው ወደ ሰማይ ሲመለከቱ ከሰዓት ዘንግ አዟዟር በተቃራኒ ነው። ቀጥ ብሎ ከቀረ ሆሪዞንታሉን በመቀበል ፋንታ ይበልጡን ቨርቲካሉን ይቀበላል። ስትሬንግዙ ሞልቶ ኳሊቲው ዜሮ ሲሆን ዲሹን ግራና ቀኝ ማንገላታት ትታችሁ መጀመሪያ ኤልኤንቢውን አዙሩ። የመጨረሻዋን ማስተካከያ ኳሊቲው ይንገራችሁ።

አፈላለጉ ላይ ኮምፓስ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቆርቆሮ ላይ ቆማችሁ ወይም የብረት ቧንቧው አጠገብ ይዛችሁ አትመኑት፤ ብረቱ መርፌውን ይስበዋል። የስልክ ኮምፓስም ያው ነው። ጥቂት ሜትር ራቅ ብላችሁ ለኩና በ111 ዲግሪ መስመር ላይ ያለ ምልክት፣ የጎረቤት ቤት ጫፍ ወይም ዛፍ፣ ያዙ። ከፍታውን 66 ላይ አድርጉ፣ ኤልኤንቢውን አዙሩ፣ ከዚያ ዲሹን ግራና ቀኝ ብቻ በጣም በዝግታ አንቀሳቅሱ። ሪሲቨሩ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ መልስ ለመስጠት ሰከንዶች ይፈጅበታል፤ በፍጥነት ያዞረ ሰው ሳተላይቱን አልፎት ይሄዳል። ብዙዎቻችን በቃላችን የምናውቀውን 11105 ሆሪዞንታል 45000 ማስገባት ትችላላችሁ፤ ጣቢያዎች ፍሪኩዌንሲ ስለሚቀያይሩ ግን አንዱ ካልመጣ ሌላ ሞክሩ።

አሁን የዚህ ሁሉ ጥቅም የሚታይበት ቦታ ደረስን። ኳሊቲው ሲሞላ ብሎኖቹን አጥብቁና የከፍታውን ማሰሪያና የኤልኤንቢውን አቀማመጥ በቀለም ምልክት አድርጉባቸው። ደንበኛው ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ ወይም ወደ ሾኔ ቢዛወር የከፍታው ልዩነት ግማሽ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። አዲስ አበባ ቢገባም ከፍታው ያው 66 ነው፤ አቅጣጫው ወደ 115 ዲግሪ ይሄዳል፣ ኤልኤንቢው ደግሞ 5 ዲግሪ ያህል ይመለሳል። ቧንቧው ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ በአዲሱ ቤት የሚቀረው ሥራ ቸርኬውን ማስቀመጥና ዲሹን ግራና ቀኝ ማዞር ብቻ ነው። ጥንቃቄ ያለው ደንበኛ ራሱ ይሠራዋል። «ታዲያ እኛ ምን እንበላለን?» የሚል ይኖራል። ስሙ በመልካም የሚነሣ ገጣሚ ሥራ አያጣም፤ እንደገና መጠራትን ከተበላሸ ሥራ መጠበቅ የሙያ ነውር ነው።

ገመዱ ላይ ላፍታ እንቆይ፤ ከብልሽቱ አብዛኛው ያለው እዚያ ነው። የውጩን ጥቁር ፕላስቲክ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ግፈፉ። ዙሪያውን ያለውን ቀጭን ሽቦ ወደ ኋላ እጠፉት፤ አንዲት ፀጉር የምታህል ሽቦ እንኳ መሃሉን እንዳትነካ በጥንቃቄ እዩ። የውስጡን ነጭ ፕላስቲክ ቆርጣችሁ መሃሉ ያለው መዳብ ከሚገጠመው ኮኔክተር አፍ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ እንዲወጣ አድርጉ። ሪሲቨሩ በዚሁ ገመድ ለኤልኤንቢው ኃይል ይልካል፤ ለቨርቲካል 13፣ ለሆሪዞንታል 18 ቮልት። ስለዚህ መሃሉና ዙሪያው ከተነካኩ ሾርት ነው። ገመድ ስትሰኩና ስትነቅሉ ሪሲቨሩ ከሶኬት የተነቀለ ይሁን። ውጭ ያለው ጫፍ ውሃ እንዳይገባው በጎማ ይሸፈን። ገመዱም ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዘንበል ብሎ ይታጠፍ፤ የዝናቡ ውሃ እዚያ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ተከትሎ ወደ ግድግዳው አይገባም።

ከመስኮት ይልቅ ግድግዳው ላይ አንድ ጠባብ ቀዳዳ በስታችሁ ከውስጥም ከውጭም መሰኪያ አድርጉበት። ተከራዩ ሲለቅ ሁለቱን ጫፍ ይነቅላል፤ መሰኪያው ለቀጣዩ ተከራይ ይቀራል። አከራዮችም ይህን ቢያውቁ መልካም ነው። ከደቡብ አፍሪካ ወገን በሚልከው ገንዘብ በየሰፈሩ አሥር አሥራ ሁለት ክፍል ያለው ግቢ ሲሠራ እናያለን፤ ጣሪያው ግን በዲሽ ተሞልቷል። ግቢው አንድ ጥሩ ዲሽ ቢኖረውና በላዩ አራት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ ቢገጠም አራት ቤት የየራሱን ገመድ ይዞ የየራሱን ጣቢያ ያያል። ገንዘብ ለመቆጠብ አንዱን መስመር በተራ ስፕሊተር ለሁለት መክፈል ግን ጠብ መትከል ነው፦ አንደኛው ቨርቲካል ጣቢያ ሲመርጥ የሌላኛው ሆሪዞንታል ሊጠፋ ይችላል።

ደንበኛው ሳይጠይቅ የምትነግሩት ሦስት ነገር አለ። ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ ሲግናል ጠፍቶ አባርቶ ሲመለስ ዲሹ ደህና ነው፤ ማንም እንዳይነካው። በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንት መጨረሻና በመስከረም አጋማሽ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ በትክክል ከሳተላይቱ ኋላ ስለምታልፍ ለጥቂት ቀናት ለጥቂት ደቂቃ ሥዕሉ ይቆራረጣል፤ እሱም በራሱ ይመለሳል። ሦስተኛው መብረቅ ነው። ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር ሪሲቨሩና ቴሌቪዥኑ ከሶኬት፣ የዲሹም ገመድ ከመሰኪያው ይነቀል። መብራት ሄዶ ሲመጣም ቶሎ አይሰካ።

ስለ ራሳችሁም አስቡ። የረጠበ ቆርቆሮ ላይ አትውጡ። ክረምት ላይ ጠዋቱን ተጠቀሙበት። ረጅም ቧንቧ ከማቆማችሁ በፊት ቢወድቅ የመብራት ሽቦ ይነካ እንደሆነ ቀና ብላችሁ እዩ፤ የሚነካ ከሆነ ቦታው ተቀይሮ እንጂ እዚያ አይሠራም። ዋጋም መሰላል ከመቆሙ በፊት ይነገር፣ የዕቃው ለብቻ፣ የእጁ ለብቻ።

ሥራው ሲያልቅ በአንድ ብጣሽ ወረቀት የሳተላይቱን ስም፣ አቅጣጫውን፣ ከፍታውን፣ የኤልኤንቢውን አዟዟርና የሚሠራውን ፍሪኩዌንሲ ጽፋችሁ ሪሲቨሩ ሆድ ላይ ለጥፉለት። ስልክ ቁጥራችሁንም ጨምሩበት።