ጆሮውን ካልነካ አልደረሰም?

ባለፈው ክረምት አባቴ የ4 ዓመቱን የእህቴን ልጅ «እጅህን በአናትህ አሻግረህ ጆሮህን ንካ!» አለው። አልደረሰም። «ገና ነው» ተባለ፤ ልጁም አለቀሰ።

እኔ ግን የተሳሳተው መለኪያው ነው ባይ ነኝ። ዘዴው የልደት ምስክር ወረቀት ለሌለው ልጅ፣ ያውም ለአንደኛ ክፍል፣ ማለትም ለ7 ዓመት መገመቻ ነበር። የ4 ዓመት ልጅ ክንዱ ቢያጥር ምን ይገርማል?

ለመዋዕለ ሕፃናት መታየት ያለበት ሌላ ነው። ሽንቱ ሲመጣ ይናገራል? ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ይበላል? ከእናቱ ተለይቶ ግማሽ ቀን ይቆያል? ፊደሉን እዚያው ይማረዋል።

የኛው ልጅ ሁለቱን አለፈ፤ ሦስተኛው ከበደው። እህቴም የመጀመሪያውን ሳምንት በር ላይ ቁጭ ብላ አሳለፈች። አሁን «ቻው» ብሏት ሮጦ ይገባል።

ውድ አንባብያን፣ ታናናሾቻችሁን ከማስመዝገባችሁ በፊት እስቲ ሦስቱን ጠይቁ። ጆሮውን ለ7 ዓመቱ ተዉለት።