በዝናብ ውስጥ ከብዙ ሰው ጋር ስለ መሮጥ

አርቦሬ ዝናብ የሚለመንበት አገር እንጂ ዝናብ የሚፈራበት አገር አይደለም። ወይጦ ወንዝ ሞልቶ በሜዳው ላይ ሲፈስ፣ ውኃው ከሸሸ በኋላ በእርጥቡ መሬት ላይ ማሽላ የሚዘራ ሕዝብ ደመና ባየ ጊዜ ደስ ይለዋል። በዚህም ምክንያት እኛ በቆላ ያደግን ወጣቶች ስለ ፀሐይ ብዙ እናውቃለን፤ መቼ በጥላ ማረፍ፣ መቼ ውኃ መጠጣት እንደሚገባ ከብት ስንጠብቅ ተምረነዋል። ስለ ብርድ ግን የሚያስተምረን አልነበረም። ከመካከላችን ደግሞ አዲስ አበባ ሄደው በታላቁ ሩጫ ለመካፈል የሚያስቡ ስላሉ፣ ይህን ጉዳይ በዛሬው ትምህርታችን ልንመለከተው ወደድን።

እንደሚታወቀው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የጎዳና ላይ ሩጫ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በኅዳር ወር 1994 ዓ.ም. ሲደረግ 10,000 ያህል ሰው የተካፈለበት ሲሆን፣ በወንዶች ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ በሴቶች ብርሃኔ አደሬ አሸንፈዋል። ከዚያ ወዲህ የሯጩ ቁጥር ብዙ እጥፍ ሆኗል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። ኅዳር የበጋ ወር ነው ቢባልም ጧቱ ብርዳም ነው፤ ያለ ወቅቱ የሚመጣ ዝናብም አይጠፋም። ሌሎች ሩጫዎች ደግሞ በሌላ ወር ይደረጋሉ።

ዝናብን ለሚፈራ ሰው «ጨው አይደለህ፣ አትሟሟ!» ማለት የተለመደ ነው። ለቀልድ ጥሩ አነጋገር ነው፤ ለሩጫ ግን መጥፎ ምክር ነው እንላለን። ምክንያቱም ውኃ ሙቀትን ከአየር ይልቅ ከሃያ ጊዜ በላይ ፈጥኖ ከሰውነት ያወጣል። ልብሱ የራሰ ሰው ነፋስ ሲመታው የሚሞቀውን ያህል ሳይሆን ከዚያ የበለጠ ሙቀት ያጣል። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ ነገሩ ሕመም ሆነ ማለት ነው። መጀመሪያ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥሎ ጣቶቹ አልታዘዝ ይሉታል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ የሚናገረው ይምታታበታል። መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው በራሱ ካቆመ ተሻለው ብለን ደስ ልንሰኝ አይገባም፤ ሰውነቱ መታገል እያቃተው ነውና።

በሁለት ትልልቅ ከተሞች የሆነውን እናስተያይ። በየካቲት 24 ቀን 2011 ዓ.ም. የቶኪዮ ማራቶን በቀዝቃዛ ዝናብ ተካሄደ። ጎዳናውን ከ30,000 በላይ ሰው ሞልቶት ነበር። የጃፓን ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረው ሱጉሩ ኦሳኮ ብርዱን አልቻለውምና መንገድ ላይ አቋረጠ። የእኛው ብርሃኑ ለገሠ ግን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ አሸነፈ። በሴቶችም ሩቲ አጋ፣ ሄለን ቶላና ሹሬ ደምሴ ተከታትለው ገቡ። ይህን የሰማ ሰው «ኢትዮጵያዊ ዝናብ አይበግረውም» ሊል ይችላል።

እንዲህ ከማለታችን በፊት ግን ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 8 ቀን 2010 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቦስተን የሆነውን እንመልከት። በዚያን ቀን ዝናቡ ይወርዳል፤ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመታል፤ ሙቀቱ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ማሚቱ ዳስካ ብቻዋን ቀድማ ብዙ ርቀት ከሮጠች በኋላ ከኋላ የነበሩት ደረሱባት። ሌሊሳ ዴሲሳና ታምራት ቶላ አቋረጡ። በሕክምና ድንኳኖች የታከመው ሰው ቁጥር ከሁለት ሺህ በላይ ነበር። ያሸነፉት ጃፓናዊው ዩኪ ካዋውቺና አሜሪካዊቷ ዴዝሬ ሊንደን ናቸው። ሊንደን የገባችው በ2 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ነው፤ ይህም በዚያ ሩጫ ለአሸናፊ ሴት ከአርባ ዓመት ወዲህ ያልታየ ዘገምተኛ ሰዓት ነበር። ይልቁንም የሚደንቀው፣ ሻሌን ፍላናጋን የተባለችው የአገሯ ልጅ ለመጸዳዳት ስትቆም ሊንደን ሩጫዋን ቀንሳ ጠበቀቻት፤ ወደ መሪዎቹም ይዛት ተመለሰች። ያን ዕለት ሊንደን ራሷ ጤንነት ስላልተሰማት ልታቋርጥ አስባ ነበር።

ሌሊሳ ግን ዝናብ የማያውቅ ሰው አልነበረም። በ2007 ዓ.ም. በዚያው በቦስተን፣ ዝናብና ነፋስ በነበረበት ቀን አሸናፊ የነበረው እርሱ ነው። የ2010ሩ ብርድ ከዚያ የባሰ ነበር፤ ሌሊሳም አቆመ። ስለ ማቆሙ ምን አጣ? ሰባት ወር ሳይሞላው የኒው ዮርክን ማራቶን አሸነፈ። በመስከረም 2012 ዓ.ም. ደግሞ በዶሃ፣ ሌሊት እንኳ በማይበርድ ሙቀት፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ታምራትም በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ የማራቶን ወርቅ አጠለቀ። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች በብርድ ምክንያት ካቆሙ፣ ከአርቦሬ የሄደ ወጣት «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ እየተንቀጠቀጠ መሮጥ የለበትም።

አብዛኛው ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። በዝናብ ሩጫ ከፊተኛው ይልቅ ኋለኛው ይጎዳል። ፊተኛው በኃይል ስለሚሮጥ ሰውነቱ እንደ ምድጃ ይሞቃል፤ ቶሎም ጨርሶ ይጠለላል። ኋለኛው ግን በሕዝቡ ብዛት እየተገታ፣ እየሄደና እየቆመ፣ በዝናቡ ውስጥ እጥፍ ጊዜ ይቆያል። ሩጫው ከመጀመሩ በፊትም ተሰልፎ ሲጠብቅ ገና ሳይሞቀው ይርሳል። ስለዚህ በሰልፍ ላይ ሳለን ትልቅ ፌስታል ለራስና ለእጅ ቀድደን መልበስ ይጠቅማል፤ መልኩ አያምርም፣ ብርዱን ግን ያግዳል። ስናወልቀው ከአስፋልቱ ዳር እናድርገው እንጂ መሐል መንገድ ላይ አንጣለው፤ የኋለኛው ሰው እግር ይጠለፍበታልና። ከውስጥ ወፍራም የጥጥ ካናቴራ መደረብ አይበጅም፤ ጥጥ ውኃ ይይዛል፣ ይከብዳልም። ዓይንን ከውኃ ለመከላከል ከፊቱ ጥላ ያለው ኮፍያ፣ ቆዳ እንዳይላጥ በብብትና በጭን መካከል ቫዝሊን መልካም ነው።

መንገዱን በሚመለከት፣ አስፋልት ከሁሉ ይልቅ የሚያዳልጠው ዝናብ በጀመረባቸው ደቂቃዎች ነው፤ ከመኪና የፈሰሰው ዘይት ከውኃው ጋር ይቀላቀላል። የዜብራ ቀለምና የቱቦ ብረት ክዳንም እንደ ሳሙና ናቸው። እርምጃን ማሳጠርና እግርን ከሰውነት በታች ማሳረፍ ያድናል። የቆመ ውኃ ስናይ በድንገት ወደ ጎን መዝለል የለብንም፤ እኛ ከጫማችን ብናድነው ጎናችን ያለውን ሰው እንጥለዋለን። ጫማ መራሱ ለማንም አይቀርምና በውኃው ውስጥ ቀስ ብሎ ማለፍ ይሻላል። የጫማ ማሰሪያ የተፈታበት ሰው እጁን አንሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ዳር ይውጣ እንጂ ባለበት አያጎንብስ። የወደቀ ካለ ሁለት ሰው ከኋላው ቆሞ እጁን ይዘርጋ፤ አንዱ ያንሣው።

ብርድ ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ ለማወቅ በግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቻይና አገር በጋንሱ ክፍለ ሀገር የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። 172 ሰዎች በተራራ ላይ የ100 ኪሎ ሜትር ሩጫ ጀምረው፣ በረዶና ዝናብ ከኃይለኛ ነፋስ ጋር ወረደባቸው። ብዙዎቹ የለበሱት ስስ ልብስ ነበር። 21 ሰዎች ሞቱ። ዡ ኬሚንግ የተባለ የበግ እረኛ ግን ዝናቡን ሸሽቶ በዋሻ ተጠልሎ ሳለ የሚንቀጠቀጥ ሯጭ አየ፤ አስገብቶም እሳት አነደደለት። ቀጥሎም ሌሎችን አግኝቶ፣ አንዱን ከወደቀበት ተሸክሞ አመጣ። በዋሻው ውስጥ ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ብርድ ልብስ ስለነበረው በእርሱ ጠቀለላቸው። ስድስት ሰዎች ተረፉ።

በከተማ ጎዳና ዋሻ የለም፤ ስለዚህ ደረቁ ልብስ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ከእኛ ጋር ከሚሄዱት መካከል አንድ የማይሮጥ ሰው ይመረጥ። የሁሉንም ሹራብ፣ ሱሪና ነጠላ ወይም ጋቢ በፌስታል አሥሮ፣ ከመጨረሻው መሥመር አልፎ ሁሉም በሚያውቀው አንድ ቦታ ይቁም፤ በፔርሙዝ ትኩስ ሻይ ቢይዝ ይበልጥ ይመረጣል። የሯጮቹን ስም በወረቀት ጽፎ ይያዝ፤ የገባውን እየሰረዘ፣ የመጨረሻው ሰው እስኪመጣ ድረስ ከቦታው አይነሣ።