ከሕንፃው በፊት ምድጃውን እዪ

ልጅቷ የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትና ውጤት እየጠበቀች ነው። ሼፍ ለመሆን ቆርጣለች። አጎቷ ከሆቴል ማብሰያ ቤት ረዳትነት ተነሥተው ዋና ሼፍ እስከ መሆን የደረሱ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የአራት ማሠልጠኛዎች ማስታወቂያ ይዛ ቤታቸው ሄደች።

ልጅ፦ ጋሼ፣ አራት ቦታ ጠይቄያለሁ። አንዱ ሦስት ወር፣ አንዱ ስድስት ወር ነው፤ ሁለቱ ደግሞ በደረጃ ነው የሚያስተምሩት። ሁሉም ምርጥ ነን ይላሉ። ከየት ልጀምር?

ጋሼ፦ ከራስሽ ጀምሪ። ተምረሽ ስትጨርሺ የት መሥራት ነው የምትፈልጊው? ትልቅ ሆቴል መቀጠር ነው? የራስሽን ምግብ ቤት መክፈት ነው? ኬክና ዳቦ ነው? ወይስ ውጭ አገር መሄድ? ኬክ ቤት መክፈት ለምትፈልግ ልጅ አጭር የኬክና ዳቦ ሥልጠና ጥሩ መነሻ ሊሆናት ይችላል። ሆቴል ገብታ ማደግ ለምትፈልግ ግን ደረጃ ያለውና ለምዘና የሚያበቃ ሥልጠና ይሻላታል።

ልጅ፦ እኔ መጀመሪያ ሆቴል፣ ቆይቶ የራሴን ነው የማስበው። እማዬ ግን «ወጥ ለመሥራት ደግሞ ምን ትምህርት ቤት ያስፈልጋል?» ትላለች።

ጋሼ፦ እናትሽ ባለሙያ ናት፤ የእሷን ዶሮ ወጥ የሚያህል ሆቴል ውስጥ ብዙ አልቀመስኩም። ሆቴል የሚጠይቅሽ ግን ሌላ ነገር ነው። ለ300 እንግዳ፣ በሰዓቱ፣ ትናንት የወጣውን ጣዕም ዛሬም ማውጣት አለብሽ። አንቺ በሌለሽበት ቀን ደግሞ ሌላ ሰው ያንኑ ጣዕም ማውጣት መቻል አለበት። እናትሽ በርበሬውን የምትለካው በዓይኗ ነው። ጥሩ ትምህርት ቤት ያንን ሙያ ወደ ሚዛን ያመጣዋል፤ ስንት ግራም ሽንኩርት፣ ስንት ግራም በርበሬ፣ ስንት ሰው ያበላል፣ አንዱ ሰሃን ስንት ብር ፈጀ?

ልጅ፦ ሂሳብም አለው ማለት ነው?

ጋሼ፦ እንዴታ! ስንት ጎበዝ አብሳይ ቤቱን የዘጋው ሂሳቡን ባለማወቅ ነው። ሽንኩርት ኪሎውን 90 ብር ገዛሽ እንበል። ልጠሽ፣ ጫፍና ሥሩን ጥለሽ ስትመዝኚው 900 ግራም ሆነ። እንግዲህ ድስት ውስጥ የገባው ሽንኩርት ኪሎው 90 ሳይሆን 100 ብር ነው። ዶሮ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ይፈጃል። ቁሌቱ ያለ ዘይት እየተማሰለ ሲበስል ውሃው ይተንና ድስት ሙሉ የነበረው ወደ ታች ይወርዳል። ይህን ሁሉ ሳያሰላ ዋጋ የሚያወጣ ሰው በሸጠ ቁጥር ይከስራል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን «የምግብ ዋጋ ስሌት ታስተምራላችሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። የአገራችንንም ምግብ በሚዛን ያስተምሩ እንደሆነ አብረሽ ጠይቂ። የፈረንጁን ሶስ ብቻ አስተምሮ የሚለቅሽ ቤት ግማሹን አጉድሎብሻል።

ልጅ፦ ሄጄ ስጎበኝስ ምን ምኑን ልይ?

ጋሼ፦ በምዝገባ ቀን አትሂጂ፤ ያን ቀን ሁሉም ነገር ያምራል። የተግባር ትምህርት ባለበት ቀን አስፈቅደሽ ግቢና ከኋላ ቁሚ። ሕንፃውን ተዪው፤ ስንት ምድጃ ለስንት ተማሪ እንዳለ ቁጠሪ። አንድ መምህር ሲከትፍ ሠላሳ ልጅ ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጽ ከሆነ፣ ያንን ቤትሽ ቁጭ ብለሽም ታይዋለሽ፤ ገንዘብ አይከፈልበትም። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ቢላዋ ይዞ፣ የራሱን ሽንኩርት እየከተፈ፣ መምህሩ እየዞረ የጣቱን አያያዝና የቁርጡን እኩልነት የሚያርም ከሆነ ግን ያንን ቤት ያዢው። እኩል ያልተከተፈ ሽንኩርት እኩል አይበስልም፤ ደቃቁ ሲያር ትልልቁ ጥሬ ነው። ይህ በመስማት አይገባም፤ ደጋግመሽ ከትፈሽ፣ አሳርረሽ፣ እንደገና ሠርተሽ ነው የምታውቂው።

ልጅ፦ ንጽሕናውንስ በምን ልወቅ?

ጋሼ፦ የጥሬ ሥጋው መክተፊያ ከሰላጣው ተለይቷል ወይ? እጅ መታጠቢያው ጋ ሳሙና አለ? ፍሪጁስ ቴርሞሜትር አለው? ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል። ስለዚህ ቀዝቃዛው ምግብ ከ5 በታች፣ ትኩሱ ከ60 በላይ መቆየት አለበት። ደንቡን ግድግዳ ላይ ለጥፈው የበሰለውን ድስት ከጠዋት እስከ ማታ ጠረጴዛ ላይ የሚያቆዩ ከሆነ፣ አንቺም የምትለምጂው ያንኑ ነው። በትምህርት ቤት የተያዘ መጥፎ ልማድ ደግሞ ቶሎ አይለቅም።

ልጅ፦ ወረቀቱስ? አንደኛው «ዓለም አቀፍ ሰርተፍኬት» እንሰጣለን ይላል።

ጋሼ፦ ማን እንደሚቀበለው ጠይቂያቸው። ከዚያ ፈቃዳቸውን እዪ። ፈቃድ አለን ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ለምግብ ዝግጅት፣ አንቺ ለምትማሪው ደረጃ የተሰጠ መሆን አለበት። ስትጨርሺ ለሲኦሲ፣ ማለትም ለሙያ ብቃት ምዘና፣ ትቀርቢ እንደሆነም አረጋግጪ። በአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት ትምህርት ቤቱ የሚሰጥሽ ወረቀት መማርሽን ይናገራል፤ መቻልሽን የሚመሰክርልሽ ምዘናው ነው። የመንግሥቱን የቱሪዝም ማሠልጠኛም ሳትጠይቂ እንዳታልፊ። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለአገራችን ሆቴሎች ባለሙያ ሲያፈራ የኖረ ቤት ነው።

ልጅ፦ እውነቱን ልንገርዎትና ልቤ ያለው ውጭ ነው። «ለ ኮርዶን ብሉ» የሚባለውን የምግብ ትምህርት ቤት ሰምቻለሁ።

ጋሼ፦ ትልቅ ስም ነው፤ ፓሪስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1895 የተመሠረተ። ነገር ግን በዚያው ስም አሜሪካ ውስጥ ያስተምሩ የነበሩት ካምፓሶች እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ድረስ ሁሉም ተዘግተዋል፤ የፓሪሱ አሁንም አለ። ስለዚህ ስሙን ሰምተሽ አትክፈዪ፤ የምትገቢበትን ካምፓስ ለብቻው አጥኚ። ተማሪዎቹ ሲመረቁ በምን ደመወዝ እንደሚጀምሩ፣ ክፍያው ያንን ደመወዝ ስንት ዓመት እንደሚበላ አስቢ። በብድር የሚማር ሰው ይህን ሳያሰላ መግባት የለበትም።

ልጅ፦ ታዋቂዎቹ የእኛ ሰዎችስ ትምህርት ቤት ገብተዋል?

ጋሼ፦ ገብተዋል። ማርከስ ሳሙኤልሰን ያደገው ስዊድን ነው፤ የተማረውም እዚያው ጎተንበርግ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ስዊዘርላንድና ኦስትሪያ ሰው ሥር ሆኖ ሠርቶ ነው ኒውዮርክ የደረሰው። ሼፍ ዮሐንስ ገብረየሱስ ፈረንሳይ ሊዮን በፖል ቦኩዝ ኢንስቲትዩት ተምሮ አገሩ ተመለሰና ስለ ኢትዮጵያ ምግብ መጽሐፍ ጻፈ። የዛሬው የሆቴል ማብሰያ ቤት በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ የሚሠራበትን ሥርዓት ያስያዘው ፈረንሳዊው ኤስኮፊዬ ደግሞ ሙያውን የጀመረው በ13 ዓመቱ፣ ኒስ ከተማ አጎቱ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። መንገዳቸው ቢለያይም፣ ማርከስም ኤስኮፊዬም በሥራ ቦታ ሰው ሥር ሆነው ተምረዋል።

ልጅ፦ ስለዚህ የሥራ ላይ ልምምዱ፣ አፓረንትሺፑ ነው ዋናው?

ጋሼ፦ ግማሹ ትምህርት እሱ ነው። «ልምምድ እንልካለን» ሲሉሽ የት፣ ለስንት ሳምንት፣ በየትኛው ክፍል ብለሽ ጠይቂ። ሁለት ወር ሙሉ ድንች ስትልጪ ውለሽ ከተመለስሽ ጉልበትሽን ነው የሰጠሻቸው። ቁርስ፣ ቀዝቃዛ ምግብ፣ ትኩስ ምግብ፣ ኬክ እያሉ የሚያዟዙሩሽ፣ መምህሩም እየመጣ የሚያይሽ ከሆነ ግን ትምህርት ነው። ክፍያውንም ዝርዝሩን በጽሑፍ ተቀበዪ። የተግባር ዕቃው፣ ጋውኑ፣ ቢላዋው፣ የምዘናው ክፍያ ውስጡ አለ ወይስ ለብቻ ነው? ብታቋርጪስ ይመለሳል?

ልጅ፦ እንግዲያው የሦስት ወሩን አሁኑኑ ልሰርዘው?

ጋሼ፦ ሳታዪው አትሰርዢ። በሦስት ወር በየቀኑ እሳት ላይ የሚያቆምሽ ቤት፣ ዓመት ሙሉ ማስታወሻ ከሚያጽፍሽ ይሻላል። ለሆቴል ደረጃውን ቆይተሽ ትቀጥዪበታለሽ። አሁን የአራቱንም ስም ያዢና ሁለት ሦስት ሆቴል ሂጂ፤ በሠራተኛ መግቢያው በኩል። ከምሳ ግርግር በኋላ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ሼፎቹ ትንሽ ፋታ አላቸው። «ከእነዚህ ውስጥ ከየትኛው የመጣ ልጅ ይቀጥራሉ? የቱንስ መልሰው ያስተምሩታል?» በያቸው። ከየትምህርት ቤቱ የተመረቁ ሁለት ሁለት ልጆችም ፈልጊና ምን እየሠሩ እንደሆነ ጠይቂ። ስሙ ደጋግሞ የሚነሣ ቤት ካገኘሽ ቅዳሜ አብረን እናየዋለን፤ ማብሰያ ቤቱን ሳናይ ግን አንድ ብር አትክፈዪ።