ስለ ሞተር ብስክሌት አየር መሳቢያና ጢስ መውጫ፤ ኀይል ለመጨመር የሚደረገው ለውጥ ጥቅሙና ጉዳቱ

የግብርና ሥራ የሚፈጸመው በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ ስለ ሆነ፥ መንገድን የሚያሳጥር መሣሪያ ሁሉ የእርሻ መሣሪያ ሊባል ይገባዋል። ለልማት ሠራተኛ የሚሰጠው ሞተር ብስክሌትም እንደዚሁ ነው። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ አገር ባጠቃ ጊዜ፥ መንጋው ገና ኩብኩባ ሳለ፥ ክንፍም ሳያወጣ፥ ያለበትን ስፍራ አይቶ በቶሎ ማስታወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ታውቋል። ይህን የመሰለ ወሬ የሚያደርስ ሰው መሣሪያው በመንገድ ቢቀርበት፥ የሚጠፋው የአንድ ሰው ቀን ብቻ ሳይሆን የብዙ ቤተ ሰብ እህል ነው።

በደጋ አገር የሚሠሩ ሰዎች ሞተሩ በዳገት ላይ እንደሚደክም ይናገራሉ። ከዚህም የተነሣ አንዳንዶች የአየር ማጣሪያውን ያስወጣሉ፤ የማጣሪያውን ሣጥን ያስበሳሉ፤ መካኒኮች ማርሚታ የሚሉትንም የጢስ መውጫ ያስቈርጣሉ። ሞተሩም በኀይል ይጮኻል፤ ባለቤቱም ጕልበት የተጨመረለት ይመስለዋል። ጩኸት ግን ጕልበት አይደለም። ሹማምንትና ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ለውጥ ከመፍቀዳቸው ወይም ከመከልከላቸው አስቀድሞ ምክንያቱን ያስተውሉ ዘንድ ነገሩ ከዚህ በታች በየክፍሉ ተጽፏል።

1ኛ፤ ሞተር እንዴት እንደሚተነፍስ

ሞተር ኀይሉን የሚያገኘው ከቤንዚን ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ቤንዚን ያለ አየር አይነድም። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ተቃጥሎ ያልቅ ዘንድ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ያሻዋል። ይህም በባሕር ጠረፍ ባለው አየር ቢሰፈር፥ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 9000 ሊትር ያህል አየር ማለት ነው። አንጥረኛ በወናፉ ሲነፋ ፍሙ ይግላል፤ የወናፉ አፍ ቢደፈን ግን ከሰል ቢጨመርም እሳቱ ይከስማል። የሞተርም ነገር ይህንኑ ይመስላል።

ባለ አራት ምት ሞተር በመጀመሪያው ምት አየርና ቤንዚን ይስባል፤ በሁለተኛው ይጨምቃል፤ በሦስተኛው ያነዳል፤ በአራተኛውም ጢሱን ያስወጣል። ስፋቱ 125 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነ እንዲህ ያለ ሞተር በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር 3000 ጊዜ ይስባል፤ ሲሊንደሩ በየጊዜው ቢሞላ በአንድ ደቂቃ 375 ሊትር አየር ይወስዳል።

የአየሩ መንገድ ከማጣሪያው ሣጥን አፍ ይጀምራል፤ በማጣሪያው አልፎ ወደ ካርቡራተር፥ ከካርቡራተር ወደ ሲሊንደር፥ ከሲሊንደርም በጢሱ ቧንቧ ወደ ማርሚታ፥ ከዚያም ወደ ውጭ ይሄዳል። ይህ ሁሉ አንድ መንገድ ነው። ፋብሪካው የመሳቢያውን ስፋት፥ የቤንዚኑን ቀዳዳና የቧንቧውን ርዝመት እርስ በርሳቸው አመዛዝኖ ሠርቷቸዋል። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን የለወጠ ሰው የቀሩትን ሁለቱን ሳያይ ሥራዬን ጨረስሁ ሊል አይችልም።

2ኛ፤ ሞተር በደጋ የሚደክምበት ምክንያት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ክብደት በባሕር ጠረፍ ካለው ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ብቻ ነው። ሲሊንደሩ ስፋቱ ያው ሆኖ ሳለ፥ በየምቱ የሚያገኘው አየር በክብደት ሩብ ያህል ይጐድልበታል፤ ኀይሉም በዚያው ልክ ይጐድላል። ይህ የፋብሪካው ወይም የመካኒኩ ጥፋት አይደለም፤ ከፍታው የሚያስከፍለው ግብር ነው። ማርሚታ በመቍረጥም ይህ ግብር አይቀርም።

ሁለተኛም ምክንያት አለ። ካርቡራተር የአየሩን ክብደት መዝኖ ቤንዚን የሚሰጥ መሣሪያ አይደለም፤ የሚታዘዘው በውስጡ የሚያልፈው አየር በሚያደርገው መምጠጥ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑም ጥቂት ይቀንሳል፤ ነገር ግን አየሩ የቀነሰውን ያህል አይቀንስም። በስሌት ሲታይ፥ ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራተር በአዲስ አበባ ከፍታ ከሚገባው በላይ ከስምንት አንድ እጅ የሚያህል ትርፍ ቤንዚን ይሰጣል። ትርፉም በሚገባ ሳይነድ ጥቁር ጢስ ሆኖ ይወጣል፤ ካንዴላውንም ጥቀርሻ ያለብሰዋል።

እንግዲህ በደጋ ለሚደክም ሞተር የመጀመሪያው መድኀኒት መቍረጥና መብሳት ሳይሆን፥ ቤንዚኑን በአየሩ ልክ ማድረግ ነው። በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የምታሳልፍ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የናስ ዕቃ አለች፤ ቍጥሯም በላይዋ ተጽፎ ይገኛል። እርሷን ፋብሪካው ለዚያ ከፍታ ባዘዘው መጠን ጠበብ ባለች መለወጥ፥ ከከፍታው የተነሣ የጐደለውን ኀይል ሁሉ ባይመልስም፥ በትርፍ ቤንዚን የጠፋውን ይመልሳል፤ የቤንዚንም ወጪ ይቀንሳል።

ከቅርብ ዘመን ወዲህ የተሠሩት ብዙዎቹ ሞተር ብስክሌቶች ግን በካርቡራተር ፈንታ ቤንዚን የሚረጭ መሣሪያ አላቸው፤ የአየሩን ግፊት በኤሌክትሪክ እየለኩም ቤንዚኑን ራሳቸው ያስተካክላሉ። እነዚህን ለከፍታ ብሎ መነካካት አያስፈልግም።

3ኛ፤ ስለ አየር መሳቢያው

ሣጥኑን ማስፋት ወይም ሰፊ ማጣሪያ ማግባት ሞተሩ በፍጥነት በሚዞርበት ጊዜ ጥቂት ኀይል ሊጨምር ይችላል። ነገር ግን የሚገባው አየር ሲበዛ ቤንዚኑም አብሮ መብዛት ያሻዋል። አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ካነሰ የሚነደው እሳት ከመጠን ያለፈ ሙቀት ያመጣል፤ ፒስተኑንም ያቀልጣል።

ማጣሪያውን ፈጽሞ ማውጣት ግን በማናቸውም ምክንያት ሊፈቀድ አይገባም። የጥጋ ጥግ መንገድ ትቢያ በውስጡ ከሲሊንደሩ ብረት የሚጠነክር የድንጋይ ብናኝ አለበት። ይህ ብናኝ ከሞተሩ ዘይት ጋር ሲቀላቀል እንደ ሞረድ ሆኖ ሲሊንደሩንና የፒስተኑን ቀለበቶች ይበላል። ንጹሕ ማጣሪያ ከሞተሩ የሚወስደው ኀይል እጅግ ጥቂት ነው፤ እርሱን በማውጣት የሚመጣው ጥፋት ግን የሞተሩን ዕድሜ የሚያሳጥር ነው። ስለዚህ ሞተሩ ደከመ የሚል ሰው አስቀድሞ ማጣሪያው በትቢያ የተደፈነ እንደ ሆነ ይመርምር። ብዙ ጊዜ መድኀኒቱ እዚያው ይገኛል።

ማጣሪያው ስፖንጅ የሆነ እንደ ሆነ በሳሙና ውሃ ወይም በላምባ ይታጠባል። በቤንዚን ማጠብ ግን እሳት ያስነሣል፤ ስፖንጁንም ያበላሻል። ከዚያም በጥላ ደርቆ ለማጣሪያ የሚሆን ዘይት ይቀባል፤ ትርፉ እስኪወጣም ድረስ ሳይጠመዘዝ በእጅ ይጨመቃል። ማጣሪያው ወረቀት የሆነ እንደ ሆነ ግን አይታጠብም፥ ዘይትም አይነካውም፤ በቀስታ ተራግፎ ከውስጥ ወደ ውጭ በአየር ይነፋል፤ ካረጀም ይለወጣል። በበጋ፥ ትቢያ በሚበዛበት መንገድ፥ ይህ በየሳምንቱ ሊታይ ይገባል። ከማጣሪያው ወደ ካርቡራተሩ የሚያደርሰው ላስቲክ ቢሰነጠቅ፥ ትቢያው በዚያ በኩል ስለሚገባ የማጣሪያው ንጽሕና ከንቱ ይሆናል።

የሣጥኑ አፍ ከፍ ብሎ ተሸፍኖ የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ሣጥኑን ከታች ያስበሳ ሰው በክረምት ወንዝ ሲሻገር ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ይገባበታል። ፒስተኑም ውሃን መጭመቅ ስለማይችል ሞተሩ ይሰበራል።

4ኛ፤ ስለ ጢስ መውጫው

ብዙ ሰው ጢስ መውጫው በሰፋ መጠን ሞተሩ የሚበረታ ይመስለዋል። ጢሱ ግን እንደ ወንዝ ሳያቋርጥ የሚፈስ ሳይሆን፥ በየምቱ እንደ መዶሻ ምት የሚወጣ ነው። ምቱም በቧንቧው ውስጥ ማዕበል ሆኖ ይሮጣል። ማዕበሉ ከሰፊ ቦታ ሲደርስ መምጠጥ ሆኖ ወደ ሲሊንደሩ ይመለሳል፤ የቀረውንም ጢስ ይስባል። ከጠባብ ቦታ ሲደርስ ግን ግፊት ሆኖ ይመለሳል። ይህ መመለስ ከሞተሩ ምት ጋር በጊዜው ከገጠመ ኀይል ይጨምራል፤ ካልገጠመ ኀይል ይቀንሳል። ቧንቧውን በዘፈቀደ ያስቈረጠ ሰው ይህን ግጥሚያ ያፈርሳል። ብዙ ጊዜም የሚጠፋው ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ዳገት የሚወጣበት ጕልበት ነው፤ ጭነት ለሚሸከም የእርሻ ሞተር ብስክሌት ደግሞ ከሁሉ የሚያስፈልገው ይኸው ጕልበት ነው።

ለዚህም ከታሪክ ምስክር አለ። በምሥራቅ ጀርመን በቾፓው ከተማ በነበረው በኤም ዜድ ፋብሪካ ዋልተር ካደን የተባለ መሐንዲስ የባለ ሁለት ምት ሞተርን ጢስ መውጫ ሲመረምር ኖረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1961 ዓ.ም. ስፋቱ 125 ሴንቲ ሜትር ኩብ ብቻ ከሆነው ሞተር 25 የፈረስ ጕልበት ያህል አገኘ። የጢስ መውጫው ቧንቧ መጀመሪያ እየሰፋ ሄዶ ኋላ ተመልሶ የሚጠብ ነበረ። የሰፋው ወገን ጢሱን ይስባል፤ የጠበበው ወገን ግን ሳይነድ ሊያመልጥ የነበረውን አየርና ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ ይመልሳል። በዚያው ዓመት የፋብሪካው ተወዳዳሪ ኤርንስት ደግነር በስዊድን ከተደረገው ውድድር ኮብልሎ ወደ ሱዙኪ ገባ፤ ዕውቀቱንም ይዞ ሄደ። በ1962ም በሱዙኪ ሞተር በ50 ሴንቲ ሜትር ኩብ ክፍል የዓለም አሸናፊ ሆነ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ የኀይሉ ምሥጢር በመክፈት ሳይሆን በልክ በመሥራት እንደ ሆነ ነው። ያም ኀይል የሚገኘው ሞተሩ እጅግ ፈጥኖ ሲዞር ብቻ ነበር፤ ለውድድር ሜዳ እንጂ ለገጠር ዳገት የሚስማማ አልነበረም። ያማሃ ለእርሻ ሥራ የሠራው ኤ ጂ 100 የተባለው ሞተር ብስክሌት እርሱም ባለ ሁለት ምት ሲሆን፥ የታሰበው ግን ለፍጥነት ሳይሆን በዝግታ ለመጐተት ነው።

ማርሚታ ሌላም ሥራ አለው። ከሞተር የሚወጣ የጋለ የጥቀርሻ ፍንጣሪ በደረቅ ሣርና በታጨደ እህል ላይ ቢወድቅ እሳት ያስነሣል። በአሜሪካ አገር በእርሻ ሚኒስቴር ሥር ያለው የደን መሥሪያ ቤት፥ በብሔራዊ ደኖች ውስጥ የሚነዳ ሞተር ብስክሌት በጢስ መውጫው ላይ ፍንጣሪ የሚይዝ ወንፊት እንዲኖረው በደንብ አዟል። በመኸር ጊዜ በአውድማ አጠገብ የሚያልፍ ሰው ማርሚታው የተቈረጠ እንደ ሆነ፥ ሊረዳው የመጣውን ገበሬ ሊጐዳው ይችላል። ጩኸቱም የነጂውን ጆሮ ይጐዳል፤ በቀንበር ያለውንም በሬ ያስደነብራል።

5ኛ፤ ከደጋ ወደ ቈላ ስለ መውረድ

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ይህ ነው። አንድ ባለሙያ መሥሪያ ቤቱ በደብረ ብርሃን ነው እንበል፤ ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ይህ ሰው ለከፍታው ብሎ የቤንዚኑን ቀዳዳ አጠበበ፤ ማርሚታውንም አስከፈተ። በደብረ ብርሃን ሳለ ሞተሩ መልካም ይሄዳል፤ እርሱም ደስ ይለዋል። አንድ ቀን ግን በቈላው ኩብኩባ ታየ የሚል ወሬ ይመጣና፥ በጣርማ በር አልፎ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። በዚህ መንገድ ከ1500 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። በዚያ አየሩ ይከብዳል፤ የተከፈተውም መውጫ አየሩን ያበዛዋል፤ ቤንዚኑ ግን በጠበበችው ቀዳዳ ታስሯል። ሰውዬውም ከቍልቍለቱ በኋላ ሜዳውን አግኝቶ ሞተሩን በኀይል ሲያስሮጠው፥ በደጋ የበጀው ለውጥ በቈላ ፒስተኑን ያቀልጠዋል። ሰውየው ወሬውን ሳያደርስ በመንገድ ይቀራል።

ስለዚህ ደጋና ቈላ በሚመላለስ መሣሪያ ላይ ቀዳዳዋን ለከፍተኛው ስፍራ ማጥበብ አደገኛ ነው። ለዝቅተኛው ስፍራ አስተካክሎ በደጋ ጥቂት ድካምን መታገሥ ይሻላል። ቤንዚን ሲበዛ ሞተሩ ይጤሳል፥ ይደክማል፤ ቤንዚን ሲያንስ ግን ይሞታል።

6ኛ፤ የሥራው ሥርዓት

አንድ ሹም ለውጥ ይደረግ የሚል ጥያቄ ሲቀርብለት ይህን ሥርዓት ያስከብር።

ሀ) አስቀድሞ ማጣሪያው፥ ካንዴላው፥ ሰንሰለቱ፥ የጎማው ነፋስና ፍሬኑ ይመርመር። የጠበቀ ፍሬንና የላላ ጎማ የሞተር ድካም ይመስላሉና።

ለ) የባለ ሁለት ምት ሞተር ጢስ መውጫ በዘይት ጥቀርሻ ይደፈናል፤ ከመለወጡ አስቀድሞ ይጠረግ።

ሐ) ከለውጡ በፊት መሣሪያው አንድ የታወቀ ዳገት በምን ያህል ደቂቃ እንደሚወጣና በመቶ ኪሎ ሜትር ምን ያህል ቤንዚን እንደሚፈጅ ተለክቶ ይጻፍ። ከለውጡም በኋላ በዚያው ዳገት በዚያው ጭነት ይለካ። ጆሮ ዳኛ አይሁን።

መ) በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይለወጥ። ሁለት ነገር በአንድነት ከተለወጠ የጠቀመው የትኛው፥ የጐዳውም የትኛው እንደ ሆነ አይታወቅም።

ሠ) ከለውጡ በኋላ ካንዴላው ወጥቶ ይታይ። የቡና ቀለም ያለው እንደ ሆነ ልኩ ነው፤ ጥቁርና ጥቀርሻ የለበሰ እንደ ሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ የነጣ እንደ ሆነ ቤንዚን አንሷልና መሣሪያው ሳይስተካከል መንገድ አይውጣ።

ረ) የወጣው ዕቃ አይጣል፤ የመንግሥት ንብረት ነውና ተመዝግቦ ይቀመጥ። መሣሪያው ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወርም የተደረገው ለውጥ በጽሑፍ አብሮ ይተላለፍ፤ አዲሱ ነጂ ሳያውቅ ወደ ቈላ እንዳይወርድበት።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደ ተባለው፥ መፍቻ ከማንሣት በፊት ማስተዋል ይቅደም። በሚገባ የተያዘ ሞተር ብስክሌት በደጋ ጥቂት ቢዘገይም በጊዜው ይደርሳል፤ በዘፈቀደ የተከፈተው ግን ዛሬ ጮኾ ነገ በመንገድ ይቀራል። ገበሬው የሚጠብቀው የሚጮኸውን ሳይሆን የሚደርሰውን ነው።